ድህነት ቀንሷል ሲባል በየቤቱ ያሉት አቅመ ደካሞች የት ተቆጠሩ?

ወልድያ ዳር (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ድህነት በተነጋገርን ቁጥር የምንከራከረው በአብዛኛው ስለ አገሪቱ አማካይ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ግን አማካዩ ስለማያሳያቸው ሰዎች እንድንነጋገር እፈልጋለሁ። በ1988 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ይኸው ቁጥር ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። መውረዱን አልክድም። በሰሜን ወሎ የገጠር ቀበሌዎች ለዓመታት በምግብ ዋስትና ሥራ ላይ ስለቆየሁ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም ቁጥሩ የሚሰላበትን መንገድ ልብ ብሎ ላየው፣ የሚለካው ቤተሰብ እንጂ ሰው አይደለም። አንድ ቤተሰብ በዓመት የተጠቀመው ምግብና ሌላ ፍጆታ ተደምሮ በአባላቱ ልክ ይካፈላል፤ የአንዱ አዋቂ ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ተይዞ ከነበረው የ7,184 ብር ወለል ካለፈ፣ ይኸውም በቀን ወደ 20 ብር ግድም ማለት ነው፣ ቤቱ በሙሉ ከድህነት ወጥቷል ተብሎ ይመዘገባል። በዚያ ቤት የምትኖረው ዓይነ ስውር አያት፣ ከዘመድ ተወስዶ ከብት የሚጠብቀው ወላጅ አልባ ልጅ፣ ነፍሰ ጡሯ ምራት ከሌላው እኩል ይበላሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ስሌቱ እኩል ይካፈላሉ ብሎ ይጀምራል።

በእኔ እምነት በገጠራችን ድሃን ከድሃ የሚለየው ዋነኛው ነገር ጉልበት ነው። መሬት እያላት የምትራብ ባል የሞተባት ሴት በየቀበሌው አለች። ጥማድ በሬ የላትም፤ ቢኖራትም በባህላችን ሞፈርና ቀንበር የወንድ ሥራ ነው ተብሎ ስለተያዘ የሚያርስላት ወንድ ትፈልጋለች። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ ዘሩን ማን እንዳዋጣና የአካባቢው ልማድ ምን እንደሆነ ታይቶ፣ የምርቱን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ይዛ ትገባለች። ይዞታዋ በደብተር በስሟ የተመዘገበ ስለሆነ የሀብት ደረጃ ሲወጣ «ባለ መሬት» ትባላለች። እኔ በሠራሁበት አንድ ወረዳ፣ መሬት የሌለው ነገር ግን በቀን ሥራ የሚያድር ጎልማሳ ከእርሷ ቀድሞ የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለማይበቃቸው ቤቶች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው መርሃ ግብር፣ ተጠቃሚ ሆኖ ሲመዘገብ አይቻለሁ። ጎልማሳው ድሃ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ይሁንና ክፉ ቀን ሲመጣ እርሱ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ይችላል፣ እርሷ ግን የትም ልትሄድ አትችልም።

ድህነት እጅግ የሚጎዳቸው እነዚህ ወገኖች በድጋፍ ሥርዓታችን ውስጥ የት ቦታ አላቸው? የምታውቁትን እንድትጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የቁጥር ሰው

ወንድሜ ያነሡት ጉዳይ ክብደት ያለው ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ እንዳይዛባ ሁለት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ፣ የአማካዩ መውረድ ከደካሞች ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሕፃን ከማንም በላይ ደካማ ነው፤ እርሱ ካተረፈ ዕድገቱ ወደ ታች አልደረሰም ማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሃ ግብር ጉዳይ ነው። መርሃ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ድርቅ በመጣ ቁጥር ለዓለም ልመና እናቀርብ ነበር፤ በ1995ቱ ድርቅ እርዳታ የሚጠብቀው ሕዝብ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደርሶ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። እህሉ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነበር። ዛሬ ሚሊዮኖች በየዓመቱ አስቀድሞ በታወቀ መንገድ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ፤ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ግምገማዎችም ቤተሰቦች ምግብ የሚያጡባቸው ወራት መቀነሳቸውን አሳይተዋል። መሥራት የማይችሉትም አልተረሱም፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

የመንግሥት በጀት ውስን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መሥራት የሚችለው ሠርቶ እንዲያገኝ መደረጉ እርከኑንና መንገዱን ለአካባቢው ያስገኛል፤ የጥገኝነትን አመለካከትም ይከላከላል። ከዚህ የተሻለ አማራጭ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ብርሃን በመዳፍ

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ተምሬ በመንግሥት ሥራ ላይ እገኛለሁ። ስለዚህ ስለ ራሴ ችግር ሳይሆን እንደ እኔ ዕድል ስላላገኙት ወገኖቼ ነው የምጽፈው።

የቁጥር ሰው «አልተረሱም» ያሉት በወረቀት ላይ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳና እንዲያቋቁም ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የሥራ ስምሪት መብታችንን የሚያስከብር አዋጅ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ሕግ አላጣንም። ያጣነው በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሚወክለን ሰው ነው።

ምርጫው የሚካሄደው በማኅበረሰቡ ፊት ነው። ይህ መልካም አሠራር ነው፤ ሐሜትንና አድልዎን ይቀንሳል። ነገር ግን ከቤት የማይወጣ ሰው ማን ያስታውሰዋል? በገጠርም በከተማም አካል ጉዳተኛ ልጅ የወለዱ ብዙ ወላጆች በእርግማን መጣብን ብለው ልጁን በጓዳ ያቆዩታል፤ እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል፣ ሕዝብ ሲቆጠርም ላይነገር ይችላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውና መስማት የተሳናቸው ሴቶች ሁኔታ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በደል ቢደርስባቸው እንኳ በምልክት ቋንቋ ቃላቸውን የሚቀበል ፖሊስ ማግኘት ብርቅ ነው።

በድህነትና በአካል ጉዳት መካከል ያለው ግንኙነት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ትራኮማ የውኃና የንጽሕና እጦት በሽታ ነው፤ ደጋግሞ የያዘውን ሰው የዓይን ሽፋን ወደ ውስጥ ይቀለብሰውና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። ከወንዶች ይልቅ የሚያጠቃው ሴቶችን ነው፤ ሕፃናትን የሚይዙት፣ ፊታቸውን የሚያጥቡት እነርሱ ናቸውና። በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊተርፍ የሚችለው ዓይን ከጠፋ በኋላ ሴትዮዋ መሪ ትፈልጋለች፤ መሪዋ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ነው። ይህን የሁለት ሰው ኪሳራ አማካዩ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ነርስ ከጤና ጣቢያ

ብርሃን በመዳፍ ስለ ትራኮማ የጻፉት በየቀኑ የማየው ነው፤ እኔ ደግሞ የሕክምና ወጪን ነገር ላንሣ። ከድህነት ወለል በላይ ነበሩ የሚባሉ ቤተሰቦች በአንድ ሕመም ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ የሚታየው እኛ ዘንድ ነውና።

የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የወሊድ አገልግሎት፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣሉ። ይህ ብዙ እናቶችን አድኗል። ለሌላው ሕክምና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ቀሪው አገር ተስፋፍቷል፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ቤተሰቡ ሁሉ ይታከማል። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉት፣ የድሃ ድሃ ለምንላቸው ወገኖች፣ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አሳቡ ከልብ የሚደነቅ ነው።

ችግሩ ያለው በመካከል ላይ ነው። የድሃ ድሃ ተብለው የሚመዘገቡት ቁጥር የሚወሰነው በወረዳው በጀት ስለሆነ፣ ከዝርዝሩ ጥቂት ከፍ ብለው የሚገኙት ሰዎች መዋጮም የላቸውም፣ ነፃ ወረቀትም የላቸውም። መዋጮው የሚሰበሰበው አዝመራ በገባ ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ የዘር ብድር፣ የማዳበሪያ ዕዳና ግብር ተደራርበው ይጠብቃሉ። ያልከፈለች እናት ልጇ በክረምት ሲያተኩሰው ሦስት ቀን «ይሻለው ይሆናል» እያለች ትቆያለች፤ ይዛው ስትመጣ የሳንባ ምቹ ደረቱን ወደ ውስጥ እየሳበው ነው። አባል የሆነችውም ቢሆን መድኃኒቱ ካለቀ ከግል መድኃኒት ቤት ግዢ ትባላለች። እዚያ የምትከፍለው ገንዘብ የበጓ ዋጋ ነው።

የትራንስፖርቱን ነገር ማንም አይቆጥረውም። ሆስፒታል ሪፈር የተባለች ታማሚ አጃቢ ያስፈልጋታል፤ አጃቢው ማደሪያና ምግብ ይፈልጋል። ሕክምናው በነፃ ሆኖ እንኳ ያልሄዱ ብዙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። «ለእኔ የሚወጣው ለልጆቹ ይሁን» ይላሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ ያለውን ፍቅር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማንም ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት መቆም የለበትም ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ ወልድያ ዳር ሳይጠቅሱት የቀሩ መልካም ነገር አለ። በአራተኛው የሴፍቲኔት ምዕራፍ መመሪያ መሠረት ነፍሰ ጡር እርግዝናዋ ሲረጋገጥ ተጠቃሚዎች ለድጋፉ ሲሉ ከሚሠሩት የልማት ሥራ ወጥታ፣ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትቆይ ነበር። ይህ እንዲሆን ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማረጋገጫ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ በጊዜ መድረስ ነበረበት። እኔ በማውቃቸው ቀበሌዎች በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት የላላ ስለነበር፣ በስድስተኛና በሰባተኛ ወሯ ድንጋይ ስትሸከም ቆይታ ደም ፈሷት የመጣች ሴት ተቀብለናል።

የቁጥር ሰው

የነርሷ ምስክርነት አሳዝኖኛል፤ ትክክል እንደሆነም አልጠራጠርም። ሆኖም የገለጹት የአፈጻጸም ጉድለት እንጂ የመርሃ ግብሩ የአሠራር ጉድለት አይመስለኝም። መመሪያው ነፍሰ ጡሯን ከሥራ ካወጣት፣ ጥያቄው መመሪያውን ማስፈጸም ነው።

ጨርቆስ

የከተማው ድህነት እስካሁን ስላልተነሣ እርሱን ላክል። እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ሴፍቲኔት የገጠር ጉዳይ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ተጀመረ፤ እንዲደርሳቸው ከታቀደው 604,000 ሰዎች መካከል 84 በመቶው በልማት ሥራ፣ 16 በመቶው በቀጥታ ድጋፍ የሚታቀፉ ነበሩ። ሠራተኞቹ ከክፍያቸው ላይ 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ይደረጋል። በሰፈራችን ጎህ ሳይቀድ መንገድ የሚጠርጉት፣ ወንዝ ዳር ችግኝ የሚያጠጡት ብዙዎቹ የዚሁ መርሃ ግብር እናቶች ናቸው፤ በቁጠባቸው ጉሊት የጀመሩ አሉ፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡም አሉ። ጥቅሙን አይቼዋለሁ።

የከተማ ድሃ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ገበሬ ሰብሉ ባይበቃውም ጎመን አያጣም፤ የከተማ ድሃ ግን ጨውም ውኃም ቤትም በገንዘብ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ዋጋ ሲወጣ መሸሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ዘይትና መድኃኒት ሲወደዱ፣ ጡረታ የሚባል ነገር የማያውቁት አረጋውያን ምን ያህል እንደተጨነቁ ጎረቤት የሆነ ያውቃል። ጡረታ በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ መብት ሆኖ ኖሮ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ያቀፈው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ልብስ ስታጥብ፣ እንጨት ስትሸከም፣ በሰው ቤት ስታገለግል ያረጀች ሴት በሁለቱም የለችም። በዘመኗ ሁሉ ሠርታለች፤ የሠራችበትን የሚያስረዳ ወረቀት ግን አንድም የለም።

ከሁሉ በላይ የምታሳስበኝ ደግሞ ከገጠር በደላላ የመጣች ሕፃን የቤት ሠራተኛ ናት። የነዋሪነት መታወቂያ የላትም፤ የምትኖርበት ቤት በጥናት ሲጎበኝ የቤቱ አባል ሆና ብትቆጠር እንኳ እንደ ሌሎቹ የምትበላ ተደርጋ ነው የምትሰላው። ወልድያ ዳር ያሉት እዚህ ላይ በጣም ግልጽ ይሆንልኛል፤ የድሆች ድሃ የሆነችው ልጅ ሀብታም ቤት ውስጥ ተቀምጣ ከድህነት ወጥታለች ትባላለች። ጎዳና ላይ የሚያድሩት ደግሞ ቤተሰብ ስላልሆኑ በፍጆታ ጥናቱ ውስጥ ጭራሽ አይገቡም።

መምህር ከቆላ

ጨርቆስ የጠቀሷት ልጅ ተማሪዬ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በየዓመቱ ከክፍሌ ሁለትና ሦስት እንዲህ ይጠፋሉ። የሚጠፉበትን ጊዜ ልብ ብዬ ተከታትያለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ ጎተራው እየጎደለ ሲመጣ መቅረት ይጀምራሉ፤ በሰኔ ፈተና ላይ የሉም፤ በመስከረም ምዝገባ ስንጠይቅ «ከተማ ዘመድ ጋ ሄደች» ይባላል።

ድሃ ወላጅ ልጁን ስለማይወድ አይልካትም። አፍ ይቀንሳል፣ ምናልባትም ትልክልን ይሆናል ብሎ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ሌላ ሥጋትም አለ፤ ጉርምስናዋ ሳይደርስ መዳር ወይም መላክ ለወላጅ ከለላ መስሎ ይታየዋል። የሚገርመው ልጆቹ የሚቀሩት የልማት ሥራው በሚሠራበት ወቅት ጭምር መሆኑ ነው። እናት እርከን ላይ ስትውል ታናሹን የሚይዘው፣ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? መመሪያው ሕፃን እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ቤት ውስጥ የሚተካውን ግን የሚቆጣጠር የለም።

ይህን ለመከላከል አቅም ያለው አንድ ነገር አይቻለሁ፤ የትምህርት ቤት ምገባ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ትመግባለች፤ ከዚያ ወዲህ ልጆች በረሃብ ክፍል ውስጥ ወደቁ የሚለው ወሬ መቀነሱን የሥራ ባልደረቦቼ ይነግሩኛል። የምገባው ትልቁ ጥቅም ምግቡ በቀጥታ ወደ ልጁ አፍ መግባቱ ነው፤ በአባወራ እጅ አያልፍም፣ ለዕዳ አይሸጥም፣ በዕድሜ ተራ አይከፋፈልም። በእኛ ወረዳ ምገባው የሚመጣው ድርቅ ሲታወጅ ሲሆን፣ ድርቁ አለፈ ሲባል ይቆማል። የልጁ ሆድ ግን ድርቅ መኖሩንና አለመኖሩን ከአዋጅ አይሰማም።

ወልድያ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለየቁጥር ሰው ሁለት መልስ አለኝ።

መቀንጨር መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን እርስዎ በጠቀሱት ተቋም ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ባደረጉት ሌላ ጥናት፣ ሴፍቲኔቱ የቤተሰብን የምግብ እጥረት ወራት ቢቀንስም የሕፃናቱን የምግብ እጥረት ሲቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ይህ እኔን አላስገረመኝም። እህሉ ቤት ገብቷል፤ ወደ ሕፃኑ ሳህን ግን ልዩ መንገድ አልተሠራለትም። የእናት ጊዜ፣ የንጹሕ ውኃ፣ የወተትና የእንቁላል ነገር ተጨምሮ ካልታሰበ የእህል መጠን ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። የቤተሰብ ልኬት የሰውን ጉዳት ይደብቃል ስል ይህን ማለቴ ነው።

ስለ ጥገኝነት ያሉትን ደግሞ በአክብሮት እቃወማለሁ። በገጠር ሴፍቲኔት ከሚታቀፉት አምስት ሰዎች አራቱ ያህል የሚያገኙት ሠርተው ነው፤ የሥራው ልክ ደግሞ በቤተሰብ አባላት ቁጥር ይሰላል። ለእያንዳንዱ አባል በወር አምስት ቀን ይያዛል፤ የማይሠሩትን የቤቱን ሰዎች ድርሻ የሚሸፍነው የሚሠራው ነው። ብዙ ሕፃናትና አንድ አቅመ ደካማ ባሉበት ቤት እናት ብቻዋን የምትሸከመው ቀን ስንት እንደሚሆን አስቡት። ለዚህ ነው ነገሩ የአፈጻጸም ብቻ አይደለም የምለው፤ ድጋፉን ከጉልበት ጋር ያሰረው አሠራር ራሱ ጉልበት የሌለበትን ቤት ያስጨንቃል። ጣሪያ ተበጅቶለታል ይባላል፤ አዎን፣ አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ተወስኗል። ግን የ15 ቀን የድንጋይ ሥራ ገና ጡት ለምታጠባና የራሷን ማሳ ማረም ላለባት ሴት ቀላል አይደለም።

ኮታው ደግሞ አለ። መመሪያው ሙሉ ቤተሰብ ይደገፍ ይላል፤ ለቀበሌው የሚመጣው ቁጥር ሲያንስ ግን ኮሚቴው ሁለት ክፉ ነገር ይቀርብለታል፦ ጥቂት ቤቶችን ሙሉ በሙሉ ደግፎ ሌሎቹን ማስቀረት፣ ወይም ከስድስት ሰው ቤት ሦስቱን ብቻ መዝግቦ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ማዳረስ። እኔ የነበርኩባቸው ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጡ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት፣ በአንድ እድር ነው የሚቀባበሩት። ሆኖም የሦስት ሰው እህል ለስድስት ሲካፈል የመጨረሻዋን ድርሻ የምታገኘው ማን እንደሆነች እናንተም አትስቱትም።

ይህ ሁሉ ከወሎ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1973 የደረሰውን የወሎ ረሃብ ሲመረምር በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ እህል ይወጣ እንደነበር አመልክቷል። ሰዎቹ የሞቱት እህል የሚገዙበት አቅም ስላልነበራቸው ነው። በዋናው መንገድ ዳር ተሰልፈው መኪና ያስቆሙ የነበሩት ማሳው የደረቀበት ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር፣ ገበሬው ሲደኽይ ሥራ ያጣ አገልጋይና የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚህ «በአገሪቱ በቂ ምርት አለ» የሚለው ዜና ብቻውን ለእኔ ምንም አይነግረኝም፤ የምጠይቀው እገሊት እጅ ምን አለ ብዬ ነው።

የቁጥር ሰው

ስለ ሕፃናቱ ጥናት የጠቀሱትን እቀበላለሁ፤ ቤተሰብን ብቻ መለካት በቂ እንዳልሆነ አሳምነውኛል። አሁንም የማልስማማው በአንድ ነገር ነው፤ የልማት ሥራው ይቅር ቢባል ግብር ከፋዩም ለጋሹም ድጋፉን ለረጅም ዓመት ይሸከማል ብዬ አላምንም። ይልቅ ቀጥታ ድጋፉ ከሥራው ተለይቶ እንደ ጡረታ ያለ ቋሚ መብት ቢሆን፣ ዕድሜውና ጉዳቱ የተረጋገጠለት ሰው በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ድሃነቱን ማስመስከር ባይጠበቅበት ይሻላል። ምረቃ የሚባለውም ነገር፣ ማለትም ተጠቃሚው ራሱን ችሏል ተብሎ ከመርሃ ግብሩ መውጣቱ፣ የ75 ዓመት አዛውንትን ሊመለከት አይገባም።

ብርሃን በመዳፍ

ከየቁጥር ሰው ጋር በዚህ እስማማለሁ። በየዓመቱ መመስከሩ ምን ያህል እንደሚያዋርድ ያላዩት ሰዎች አይገባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ክፍያው በአካል ጉዳተኛው ወይም በአረጋዊው ስም ይሁን። በሞባይል ገንዘብ ሲከፈልም የምሥጢር ቁጥሩን ሌላ ሰው የሚይዝበት አሠራር እየተለመደ ስለሆነ፣ ወኪል የሚመረጥበት ሥርዓት በጽሑፍ ይቀመጥ።

አዲስ አባል

ይቅርታ፣ ሁላችሁንም እያነበብኩ ነበር። አክስቴ በገጠር ብቻዋን ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ እጇም ይንቀጠቀጣል። ዘንድሮ ከዝርዝሩ ወጥታለች፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ የነገራት የለም። እኔ ያለሁት ሩቅ ከተማ ነው። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ወልድያ ዳር

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ በመጀመሪያ ስሟ የወጣው በምን ምክንያት እንደሆነ ከቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ይጠየቅላት። ብዙ ጊዜ «ከተማ የሚረዳት ዘመድ አላት» ተብሎ ነው፤ እርስዎ በበዓል የሚልኩት ገንዘብ እንደ ቋሚ ገቢ ተቆጥሮባት ሊሆን ይችላል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት መነበብና በግልጽ ቦታ መለጠፍ አለበት፤ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። ይህ ኮሚቴ መራጩ ኮሚቴ አይደለም፤ ለዚያኛው ነግራ ከሆነ አቤቱታ እንዳቀረበች አይቆጠርላትም። በቃል ከምትናገር ይልቅ ጎረቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው አጭር ማመልከቻ ይጻፍላትና ቀን ተጽፎበት ቅጂው እጇ ላይ ይቅር። ከዚያ ካልተመለሰላት ጉዳዩ ወደ ወረዳው ምክር ቤት ይሄዳል።

ነርስ ከጤና ጣቢያ

የእጇ መንቀጥቀጥ በጤና ጣቢያ ይታይላት፤ መሥራት እንደማትችል የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ማመልከቻው ላይ ቢያያዝ ይጠቅማታል። የጤና መድን አባል መሆኗንም አጣሩ። ከሴፍቲኔት ዝርዝር ስትወጣ ከድሃ ድሃ ዝርዝሩም አብራ ወጥታ ሊሆን ስለሚችል፣ እርሱን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኝተው ቤቷ ድረስ ሄዳ እንድታያት ቢያደርጉ ሁለቱንም ጉዳይ ልታስጀምርላት ትችላለች።